ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮምፔንሳቶ እንዴት ስፒከር ይሆናል

ደብረ ብርሃን የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፤ በቃ። ስፒከር የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ ስፒከሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ሰሞን ዜና እያዳመጥኩ አከራዬ ለቡና ሊጠሩኝ ገቡ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት። ጠጋ ብለው ሰሙና አማተቡ። «አንተ ልጅ፣ ሥዕሉ ነው እንዴ የሚያወራው?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ሥዕሉ ነው።» ቡናውን እስክንጨርስ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩን የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ለሁሉም በቃል ከማስረዳ ብጽፈው ይሻላል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ተራ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ። ማግኔቱ መሃል ኮይል የሚባል የሽቦ ጥቅል አለ። ኮይሉ ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ የወረቀቱን ኮን ይገፋል፤ ኮኑ አየሩን ይገፋል። ኤክሳይተር የሚባለው ደግሞ ይኸው ስፒከር ነው፤ ኮን ብቻ የለውም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ትለጥፉታላችሁ፤ ያ ነገር ይንቀጠቀጥና ኮን ይሆናል።

ሐሳቡ ለእኛ ባዳ አይደለም። ማሲንቆን አስቡት። የጭራው ክር ብቻውን ቢሆን አጠገቡ ላለ ሰው እንኳ በደንብ አይሰማም። ንዝረቱ ወደ ቆዳው ሲወርድ ነው ቤቱን የሚሞላው። በገናም እንደዚያው ነው፤ የ10ሩ ክሮች ንዝረት ክሮቹን በሚደግፈው እንጨት፣ በብርኩማው በኩል ወደ ቆዳው ይሄዳል። ኤክሳይተር የክሩን ሥራ ይሠራል። ቆዳውን የምታመጡት ግን እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ገንዘቡን ሁሉ ለኤክሳይተሩ ያወጣል፤ ከዚያ ያገኘው ነገር ላይ ለጥፎ «ይሄ ነገር አይሠራም» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ኤንኤክስቲ የሚባል ኩባንያ በዚህ ዘዴ ስስ ስፒከሮችን በሰፊው ማስተዋወቅ ጀምሮ ነበር። አሁን ዕቃው ለማንም በእጁ መሥራት ለሚወድ ሰው ይሸጣል።

ኤክሳይተሩን ማግኘት

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ 25 ሚሊሜትር ኮይል ያለው፣ ከ10 እስከ 25 ዋት የሚችል፣ 4 ወይም 8 ኦም (የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) የሆነ ይዞላችሁ ይምጣ። በኪስ የምትገባ ትንሽ ዕቃ ናት። ለአንድ ክፍል ይበቃል። ትልልቆቹ 40 ዋት የሚባሉት ከባድ ናቸው፤ ስስ ኮምፔንሳቶ አይሸከማቸውም።

ዘመድ ከሌላችሁ ኮኑ የተቀደደ አሮጌ ስፒከር ፈልጉ። ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ጥግ ላይ መቼም አይጠፋም። ከ3 እስከ 4 ኢንች የሆነና ማግኔቱ ትንሽ የሆነ ምረጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ኮኑን በምላጭ ቁረጡት፤ ኮይሉ ዙሪያ ግን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወረቀት ተዉ። ከተርሚናሉ፣ ማለትም ሽቦ ከሚታሰርበት ጫፍ፣ የሚመጡት ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች እዚያ ላይ ነው የተጣበቁት፤ እነሱ ከተበጠሱ ሥራው አበቃ። ከሥር ያለውን የተሸበሸበ ጨርቅ በፍጹም አትንኩ። ኮይሉን መሃል ላይ የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ መሃል ያለችውን ቆብ አንሡና በኮይሉና በመሃለኛው ብረት መካከል ከፎቶግራፍ ፊልም ወይም ከስስ ፕላስቲክ የተቆረጡ ሦስት አራት ቁራጮች ዙሪያውን አስገቡ። ይህ ኮላው እስኪደርቅ ኮይሉ እንዳይዘም ነው።

አሁን የሃይላንድ ክዳን አምጡ። ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኮላ ኮይሉ ጠርዝ ላይ ቀቡና ክዳኑን ጠፍጣፋው ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡት። ቁራጮቹ ክዳኑ ሥር ተቀርቅረው እንዳይቀሩ በጎን በኩል ትንሽ መውጫ አበጁላቸው። የክዳኑ አናት ከስፒከሩ ቆርቆሮ ጠርዝ ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ ሁለተኛ ክዳን ደርቡበት። በማግስቱ ቁራጮቹን ስባችሁ አውጡ። ክዳኑን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ጫን ለቀቅ አድርጉት። የመፋቅ ድምፅ ከሌለ ተሳክቷል። «ክርር» ካለ ኮይሉ ብረቱን እየነካ ነው፤ ሌላ ስፒከር ፈልጉ። እኔ ሦስተኛው ላይ ነው የተሳካልኝ፤ ሁለቱን አበላሽቻለሁ።

የተገዛም ይሁን የተሠራ፣ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦሙን ለኩት። 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 4 መካከል፣ 8 ኦም የተባለው ከ6 እስከ 8 መካከል ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል።

ቆዳውን መምረጥ

ቴስተር የማይለካው ነገር ይሄ ነው። መለኪያው ጣታችሁ ነው። ነገሩን በሁለት ጣት ጫፉ ላይ አንጠልጥላችሁ ያዙና በሌላኛው እጅ አንኳኩት። «ዱም» ብሎ ትንሽ ከቆየ ጥሩ ነው። «ጥፍ» ብሎ ከሞተ ድምፁን እየዋጠው ነው። «ጭል» ብሎ ለረጅም ጊዜ ከጮኸ ደግሞ ሙዚቃችሁም እንደዚያው ይጮሃል። የሚፈለገው ቀላልና ድርቅ ያለ ነገር ነው።

ከሞከርኳቸው መካከል ለቤት የሚሻለው ባለ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ ክራርና የሴት ድምፅ በጣም ያምርበታል። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፎም ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ከኮምፔንሳቶ ይልቅ ይጮሃል። ብቻውን ግን ድምፁ ቅጥነት አለው። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ብትቀቡት ይጠነክራል፤ የላይኛው ድምፅም ይጠራል። ለሙከራ ያህል ወፍራም ካርቶንም ይሆናል።

የመስኮት መስታወት ይሠራል፤ ወፍራም ድምፅ ግን አትጠብቁበት። በዚያ ላይ ግማሹ ድምፅ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፤ መንገደኛው ሁሉ የምትሰሙትን ይሰማል። የኮርኒስ ችፑድ ስስ ከሆነ ይሆናል፤ ወፍራሙ ከባድ ስለሆነ ድምፁ ይደክማል። ውስጡ ባዶ የሆነ የእንጨት በር ሳይታሰብ ጎበዝ ነው። ላሜራ ጭል ጭል ይላል፤ ይቅርባችሁ።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ድምፅ አትጠብቁ። የመንዝን የድንጋይ ቤትማ ተዉት፤ አንድ ክንድ የሚሞላ ድንጋይ በ20 ዋት አይነቃነቅም። ግድግዳችሁ እንደዚያ ከሆነ ኮምፔንሳቶውን ግድግዳው አጠገብ አንጠልጥሉት እንጂ ኤክሳይተሩን ግድግዳው ላይ አትለጥፉ። አንድ ቀን ሰፌድ ላይም ሞክሬ ነበር፤ መልኩ ያምራል ብዬ። ስንደዶው ድምፁን ጥጥ አድርጎ በላው።

መቁረጥ

60 በ42 ሴንቲሜትር ቁረጡ። አራት ማዕዘኑ እኩል ጎን እንዳይሆን፣ አንዱ ጎንም የሌላው እጥፍ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እኩል ከሆነ የርዝመቱና የስፋቱ ንዝረት አንድ ቦታ ላይ ይደራረቡና አንዳንዱ ኖታ ይጮሃል፤ ሌላው ይጠፋል። ማዕዘኖቹን በሳንቲም ልክ አክብባችሁ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

የት ላይ ነው የሚለጠፈው?

መሃል ላይ አይደለም። ከበሮ የመታ ሰው ይሄን ያውቃል። መሃሉን ስትመታው የሚሰጠው ድምፅና ጠርዙን ስትመታው የሚሰጠው አንድ አይደለም። ጠፍጣፋ ነገር ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ቦታ እኩል አይንቀሳቀስም፤ ጭራሽ የማይነቃነቁ መስመሮች አሉት። ከእነዚህ መስመሮች ብዙዎቹ በመሃል ያልፋሉ። ኤክሳይተሩ መስመሩ ላይ ከተቀመጠ ያንን ድምፅ ማስነሣት አይችልም።

መስመሮቹን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኮምፔንሳቶውን ጥቁር ወረቀት አልብሱና አራት የስፖንጅ ቁራጭ ላይ አጋድሙት። ኤክሳይተሩን በኋላ በምነግራችሁ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) በኩል ከስልካችሁ ጋር አገናኙና ከሥር በእጃችሁ ያዙት። ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ነጭ ጤፍ በትኑ። ስልካችሁ ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ክፈቱና ከ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ጤፉ እየዘለለ ሄዶ የማይነቃነቁት መስመሮች ላይ ይሰበሰባል፤ ኸርዙ ሲቀየር ቅርጹም ይቀየራል። ኧርንስት ክላድኒ የሚባል ጀርመናዊ ይህንኑ በአሸዋ እያሳየ እ.ኤ.አ. በ1787 ጽፎበታል። እሱ የምንጃር ጤፍ አልነበረውም። በዛሬው ዋጋ ከአንድ ማንኪያ በላይ አትጠቀሙ፤ ስትጨርሱም ልቀሙት።

ጤፉን ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ ልኩ ይኸውላችሁ። ከአንዱ ጎን የርዝመቱን 40 በመቶ፣ ከታች የቁመቱን 45 በመቶ። ለ60 በ42 ሲሆን ከግራ 24፣ ከታች ደግሞ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሳትለጥፉ ኤክሳይተሩን በእጃችሁ ተጭናችሁ በደንብ የምታውቁትን ዘፈን አጫውቱ። ትዝታ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝግ ያለ ስለሆነ ስሕተቱ ቶሎ ይሰማል። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ የተሻለውን ያዙ። ከልኩ ይልቅ ጆሯችሁን እመኑ።

ማጣበቅ፣ በተለይ በእኛ ብርድ

የተገዛው ኤክሳይተር ፊቱ ላይ በሁለት በኩል የሚለጥፍ ፕላስተር አለው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለጠፈው፤ ከተነሣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

የመጀመሪያዬን በታኅሣሥ ማታ ለጠፍኩት። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ማታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ዷ!» አለ። ኤክሳይተሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ይህ ዓይነቱ ማጣበቂያ ሲቀዘቅዝ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል እንጂ አይጣበቅም። ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ያለ ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ፤ እሱ ዘንድ ጥላ ሥር እንኳ ይጣበቃል። ጣርማ በርን ሲወርዱ ሌላ አገር ነው።

ለደጋው ሰው መፍትሔው ይሄ ነው። ቀን፣ ፀሐይ ላይ ሥሩ። ኮምፔንሳቶውንም ኤክሳይተሩንም ግማሽ ሰዓት ፀሐይ አስመቱ፤ ደመና ከሆነ ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አሙቁ። የሚለጠፍበትን ቦታ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉ። «አረቄ አይሆንም?» ያለኝ አለ። የደብረ ብርሃን አረቄ ለሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ውሃ አለበት። አልኮሉ ከደረቀ በኋላ ለጥፉና በመዳፋችሁ ግማሽ ደቂቃ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ከዚያ አጋድማችሁ 3 ቀን ተዉት። ማጣበቂያው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ያኔ ነው። ፎም ከሆነና ከላይ የነገርኳችሁን ኮላ ካልቀባችሁት ፕላስተሩ የላዩን ቅርፊት ይዞ ይነሣል።

ከስፒከር የሠራችሁት ከሆነ ክዳኑን በዚያው በሁለት ቱቦ ኮላ አጣብቁት። ማግኔቱ ከባድ ስለሆነ ግን በኮላ ብቻ አይያዝም። ከኋላ ቀጭን ጣውላ አቋርጡና ማግኔቱን እሱ ላይ እሰሩት። እንዲያ ካልሆነ ክብደቱ ኮይሉን ወደታች እየጎተተ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መፋቅ ይጀምራል።

ሽቦና አምፕሊፋየር

በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ቦርድ ይበቃል። ብሉቱዝ ያለው ከተገኘ ይሻላል። አንዳንዱ ቦርድ እስከ 24 ቮልት ይችላል፤ 50 ዋት ይሰጣል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ኤክሳይተራችሁን ያቃጥላል። 12 ቮልት ላይ በ4 ኦም ከ15 ዋት ብዙም ስለማይዘል ራሱ መጠበቂያ ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲሄድ ከሶላር ባትሪ ጋር ይገናኛል፤ እኔ የምጠቀመው እንደዚያ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። የግራውንና የቀኙን ኔጌቲቭ አንድ ላይ አትጠምዝዙ፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋርም አታገናኙ። እነዚህ ቦርዶች በሁለቱም ሽቦ ሲግናል ስለሚልኩ ቦርዱ ይቃጠላል። አንድ ቻናል ላይ ሁለት ኤክሳይተር ከፈለጋችሁ፣ 4 ኦም የሆኑትን በተከታታይ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር) እሰሩ፤ 8 ኦም ይሆናል። 8 ኦም የሆኑትን ጎን ለጎን (ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ጋር) እሰሩ፤ 4 ይሆናል። 4 ኦሞቹን ጎን ለጎን ካሰራችሁ 2 ኦም ይመጣል፤ ትንሹ ቦርድ አይችለውም።

ሽቦውን ከመበየዳችሁ በፊት ከኤክሳይተሩ አምስት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ሰሌዳው (ኮምፔንሳቶው) ላይ በፕላስተር ያዙት፤ ትንሽ ላላ ይበል። ሲጎተት ተርሚናሉን እንዳይነቅለው ነው። ስታኞውን (የሚቀልጠውን መበየጃ ብረት) ቶሎ ነክታችሁ ካውያውን (የሚግለውን መሣሪያ) አንሡ። ብዙ ከቆየ ተርሚናሉን የያዘው ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ወፍራሙን ድምፅ ቁረጡት። ይህ ሰሌዳ ከ100 ኸርዝ በታች ብዙ አይሰጥም፤ ኤክሳይተሩ ግን በከንቱ ይለፋል፤ ይሞቃል፤ ከቦታውም ይነቀላል። ከአሮጌ ሬዲዮ ሁለት ካፓሲተር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድልን ትንሽ ዕቃ) አውጡ። ኤክሳይተሩ 8 ኦም ከሆነ 470 ማይክሮፋራድ የሆኑትን፣ 4 ኦም ከሆነ 1000 የሆኑትን፤ 25 ቮልትና ከዚያ በላይ ይሁኑ። ኔጌቲቫቸውን እርስ በርስ በይዳችሁ ሁለቱን ዳር በአንዱ የኤክሳይተር ሽቦ መካከል አስገቡ። ከ80 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ወደታች ያለውን ይቀንስላችኋል። የቤዙን «ዱም ዱም» ካልሰማሁ የሚል ሰው ተራ ስፒከር በሳጥን ጨምሮ ወፍራሙን ለእሱ ይስጠው። ከዚህ ሰሌዳ የሞንታርቦ ጉልበት አይጠበቅም፤ ለሠርግ አይደለም።

መስቀል

ላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብሱና በሲባጎ አንጠልጥሉት። ዙሪያውን በሚስማር አትምቱት፤ መተንፈስ ያቅተዋል። ድምፅ ከፊትም ከኋላም ስለሚወጣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። የእኔ ሥዕል ከላይ በኩል ከኮርኒሱ እንጨት ወርዶ የተንጠለጠለ ነው። ሥዕሉን ወረቀት ላይ አሳትማችሁ በቀጭኑ በተቀባ ኮላ ለጥፉት፤ ወፍራም የዘይት ቀለም ድምፁን ያከብደዋል።

የዚህ ስፒከር መልካም ጠባዩ ድምፁ ከአንድ ነጥብ አለመውጣቱ ነው። ክፍሉ ውስጥ የትም ብትቀመጡ ያው ነው። ለዚህም ነው አከራዬ ምንጩን ያጡት። ባዶ ክፍል ከሆነ ግን ማስተጋባቱ ይበዛል። ከፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ላይ የመንዝ ባና ብትሰቅሉ ይረጋጋል። እንዲያውም በብርዱ ጊዜ ሁለት ጥቅም አለው፤ ማታ አውርዳችሁ ትለብሱታላችሁ።

«ዝዝዝ» ሲል

መጀመሪያ ሳምንት ላይ አንድ የሚያንገሸግሽ ድምፅ ይመጣል። በበገና ላይ ከክሩና ከብርኩማው መሃል ያለችው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው ያ ዝዝታ ተፈልጎ ነው፤ ያለ እሱ በገና በገና አይሆንም። የእኛ ግን ያልተጋበዘ እንግዳ ነው። የስልኩን መተግበሪያ ከ80 እስከ 500 ኸርዝ ድረስ ቀስ እያላችሁ አሂዱ። «ዝዝ» ያለበት ላይ አቁሙና በጣታችሁ አንድ አንድ ነገር እየነካችሁ ፈልጉ። ሽቦው ሰሌዳውን እየነካ ይሆናል፤ ወይም የሲባጎው ቋጠሮ፤ ወይም የተላቀቀ የኮምፔንሳቶ ንብርብር። ንብርብሩ ከሆነ ነጩን ኮላ በምላጭ ጫፍ አስገብታችሁ ክብደት ጫኑበት።

እኔ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ አውርጄ ሰቅዬዋለሁ። ኮላ ቀባሁ፤ ሽቦ ቀየርኩ፤ አልጠፋም። በመጨረሻ ሰሌዳው ንጹሕ ነበር። «ዝዝ» የሚለው መደርደሪያው ላይ ያለው የአከራዬ የስኒ ረከቦት ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን ከማውረዳችሁ በፊት ክፍሉን ዞር ዞር በሉ።

ክረምት ሲገባ ኮምፔንሳቶው እርጥበት ጠጥቶ ይጎብጣል። ከሰኔ በፊት ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን በቀጭኑ ቫርኒሽ ቀቡት። መስከረም ላይ አውርዳችሁ ኤክሳይተሩ እንደተጣበቀ መሆኑን በጣት ሞክሩ። ጠርዙ መላቀቅ ከጀመረ ሳይወድቅ አውጡትና አዲስ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ፀሐይ ሲወጣ።